ዳኛ የጠፋበት ሚያዝያ

ጎረቤት ከጎረቤት መጣላቱ ያለ ነው። የሚከፋው ተጣልተው የሚሄዱበት ሲጠፋ ነው።

በ1933 ዓ.ም. በሚያዝያ፣ ጣሊያን ተሸንፎ ንጉሡ ግን ገና አዲስ አበባ ሳይገቡ፣ ቂርቆስ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰዎች ተካሰሱ። ጀማነሽ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ በእርጅና አልጋ ላይ የዋሉ አባቷን ትጦራለች። ጎረቤቷ ሊካሳ ጋሪ ነጂ ነው። ለበቅሎው በረት ሲሠራ የሰፈሩን ቦይ በድንጋይ ደፈነው፤ የበልጉ ውሃ ዞሮ የጀማነሽን የጭቃ ግድግዳ ይበላ ጀመር።

«በሕግ አምላክ!» አለችው። እንደ ተካሳሾች ደንብ ነጠላዋን ከጋቢው ጋር ቋጠረችና ዳኛ ፍለጋ ወጡ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ እንደ በግ አትጎትቺኝ!»

«በግማ ይሻል ነበር፤ የሰው ቤት አያፈርስ።»

«ቦዩን የሚያስጠርገው ጣሊያን ነበር። ጣሊያን ሄደ። እንግዲህ ቦዩ የማን ነው?»

ጀማነሽ ቋጠሮውን ስባ መንገዷን ቀጠለች። እሷም አታውቅም።

ወደ ካዛንቺስ ወጡ። ጣሊያን ለሹማምንቱ ባሠራቸው ቤቶች ደጃፍ የቆመው ፖሊስ፣ ትናንት ይገርፍ የነበረው፣ ዛሬ ትከሻውን ሰበቀ። እዚያው ያገኙት የእንግሊዝ መኮንን በአስተርጓሚ፣ «እኛ ወታደሮች ነን፤ የራሳችሁን ሹም ጠይቁ» አላቸው። የራሳቸው ሹም ማን ነው? የጠየቁት ሰው ሁሉ ወደ አርበኛው ነገሪ ጠቆማቸው፤ ስለ ጀግንነቱ የሰፈር ሹም ተብሏል።

ነገሪ ከጠመንጃ ያዦቹ መሀል ተቀምጦ ሳቀ። «ዱር የከረምሁት ጭቃ ልዳኝ ነው?»

«ጌታዬ፣ አባቴ እዚያው ግድግዳ ሥር ነው የተኙት። መነሣት አይችሉም።»

«እንዲያ ከሆነ ሁለታችሁንም ላስገርፋችሁና ታረቁ!»

«ግርፋቱን እቀበላለሁ፤ ቦዩን ግን ማን ይከፍተዋል?»

ነገሪ ፊቱን ወደ ጠመንጃ ያዦቹ አዞረ። ሹመት የጀግንነት ሽልማት ይመስለው ነበር፤ ሥራ መሆኑን የነገረው የለም።

ዝናቡ ወረደ። ሁለቱም ወደ ቤት ሮጡ። ሲደርሱ ግድግዳው ተንዷል። ሊካሳ ጭቃውን በእጁ ዝቆ ሽማግሌውን አወጣቸው፤ ነፍሳቸው ግን ወጥታ ነበር።

«ጀማነሽ፣ እኔ ነኝ የገደልኋቸው? ወይስ ዝናቡ ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

እሷ ታለቅሳለች። የተሰበሰበው ጎረቤት ግማሹ «ነፍሰ ገዳይ ነው»፣ ግማሹ «የእግዜር ቁጣ ነው» ይላል። የሚፈርድ አልነበረም።

በቀብሩ ማግስት ነገሪ ጠመንጃ ያዦቹን ትቶ ብቻውን መጣና ሰፈርተኛውን ሰበሰበ።

«ጠላትን ለማስወጣት አምስት ዓመት ሙሉ ተሰናዳን» አለ። «ለማግስቱ ግን አንድም ሰው አላሰናዳንም። እኔ መተኮስ እንጂ መዳኘት አላውቅም። የሚያውቁት ይሹሙ፤ የማናውቀው እንማር።»

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ አገር በጀግና ነፃ ይወጣል። ውሎ የሚያድረው ግን ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ ቦይ አስጠራጊው ከወዲሁ ተዘጋጅተው ሲቆዩ ነው። ይህን ሳንማር ስንት ግድግዳ ይናድ?

በዚያ ቀን ሦስት ዳኞች ተመረጡ። በየትኛው ሕግ እንደሚፈርዱ ለራሳቸውም ግልጽ አልነበረም። ዛፍ ሥር ገና እንደተቀመጡ ሊካሳ ከሕዝቡ መሀል ወጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«በቅድሚያ የእኔን ጉዳይ ስሙ» አለ።