ከመስኮት የታየው ልምምድ

ሳጅን ሄስተር ፑርኔል ሟቹ ዘንድ የደረሰችው በትራክተር ጎማ መከላከያ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው። የባሕሩ ሙላት ከነፋሱ ጋር ተጋግዞ፣ ሀርዊክ ኮሌጅን ከቀረው የሜሪላንድ ምድር ጋር የሚያገናኘውን ብቸኛ መንገድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ውጦታል። መኪና አይገባም፤ አይወጣም። ትራክተሩን የሚነዳው የኮሌጁ የሜዳ ሠራተኛ ኤሚት ሩክ ነበር።

«አጥብቀሽ ያዢ ሳጅን፤ ዛሬ ሁለተኛ ሬሳ ማንሳት አልፈልግም» አላት።

«አንተ መንገድህን እይ። እኔ ሸርጣን እያጠመድኩ ያደግሁ ነኝ፤ ውሃ አይበላኝም።»

ሟቹ ዋረን ስታክ ይባላል፤ የኮሌጁ የስፖርት ክፍል ኃላፊ ነው። መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየተቀባበለ በሚጫወተው የሴቶች ላክሮስ ቡድን የዕቃ ክፍል ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። አጠገቡ፣ ለዘመናት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ፣ ጫፉ የቆዳ መረብ ያለው አሮጌ የእንጨት ዱላ ወድቋል። ደሙ ያለው ዱላው ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ መረቡ እስከ ግማሽ የተሠራ አዲስ ዱላ ተቀምጧል፤ ገመዱ ሳይቋጠር ተንጠልጥሏል።

«ይህን ማን ነው የሚሠራው?» አለች ሄስተር።

ኤሚት ትከሻውን ሰበቀ። «ማታ የተበጠሰ መረብ ትተን እንሄዳለን፤ በማግስቱ ተጠግኖ እናገኘዋለን። ሴቶቹ መንፈስ ነው ይላሉ። እኔ መንፈስ ከሆነ ሣሩንም ይጨድልኝ ብያለሁ።»

ስታክ በአንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ በኮሪደሩ ሲያልፍ ታይቷል። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጸሐፊቱ ስትደውል ስልኩን አላነሳም። ልምምድ ሲያበቃ ዋና አሰልጣኟ ዳርሲ ኮልፋክስ የተቆለፈውን በር ከፍታ አገኘችው። የዚያ በር ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ዳርሲ፣ ኤሚት፣ እና ከሁለት ዓመት በፊት ጡረታ ወጥታ ቁልፏን ያልመለሰችው የቀድሞዋ አሰልጣኝ ቦቢ ቲልማን። ኤሚት ያን ሰዓት በሙሉ በሄስተር ፊት የተጥለቀለቀው መንገድ ላይ ገመድ ሲዘረጋና ባሕሩን ሲሳደብ ነበር። ቀሩ ሁለት።

ዳርሲ እዚያ ሜዳ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ኖራለች፤ አራቱን ተጫዋች፣ አሥራ አንዱን ረዳት፣ ሁለቱን ዋና አሰልጣኝ ሆና። ቢሮዋ ውስጥ እጆቿን ጉልበቶቿ መካከል ሸጉጣ ተቀመጠች።

«ልምምድ ላይ ነበርኩ።»

«ሙሉ ጊዜውን?»

«ሙሉውን።»

ዋሸች። ኪሷ ውስጥ ባለው ስልክ፣ በዚያን ጠዋት ከሩቁ የቨርሞንት ግዛት አንድ ኮሌጅ «ነይና ቡድናችንን ያዢ፤ እስከ ማታ መልስሽን ስጪን» ብሏታል። ዳርሲ ሀርዊክን ትወዳለች፤ ግን እየቆየ አንገቷ ላይ እንደሚጠብቅ ሸሚዝ ሆኖባታል። ለማንም አልተናገረችም። አሁን ብትናገር፣ ከሜዳ መውጣቷን በራሷ አፍ መመስከሯ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ ተብላ ከተጠረጠረች ደግሞ ቨርሞንት ቀረ ማለት ነው። ብትዋሽም ብትናገርም የምትወጣበት በር አልታያትም።

የቡድኑ በረኛ ብሪን ማክኔሪ መጀመሪያ ስለ አሰልጣኟ ሽንጧን ገትራ ተከራከረች። በሁለተኛው ጥያቄ ግን እንባዋ መጣ።

«ስልክ ተደወለላትና ወደ መኪናዋ ሄደች። ሃያ ደቂቃ ገደማ። እባክዎ፣ ብሪን ነገረችኝ እንዳይሉ!»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አንድ ተኩል ሊሆን ሲል።»

ሄስተር ማስታወሻዋን ዘጋች። ሰዓቱ ከሟቹ ሰዓት ጋር ልክ ገጠመ። እንዲህ ልክ የሚገጥም ነገር ግን አትወድም ነበር።

ቦቢ ቲልማን የምትኖረው ከሜዳው ጎን ባለች ትንሽ የኮሌጁ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ለዋና አሰልጣኝ የሚሰጥ ነው፤ ዳርሲ ግን ስትሾም «እኔ ከተማ ይሻለኛል» ብላ ትታላት ነበር። ግድግዳው በሠላሳ አንድ ዓመት የቡድን ፎቶዎች ተሞልቷል።

«ሚስ ቦቢ፣ ጠዋት የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? እዚሁ። በየጠዋቱ ከዚህ መስኮት ነው የማያቸው።» ድምፅዋ አሁንም ሜዳ የሚያሻግር ነው። «ዳርሲን ልትጠረጥሯት እንደሆነ ሰምቻለሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ንቅንቅ አላለችም! ፊሽካዋን ስትነፋ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት ቀጥ አሉ። እሷ በመካከላቸው እየዞረች የዚህችን ትከሻ፣ የዚያችን ዱላ ታስተካክላለች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

«ሁሉም ባሉበት ቆሙ?»

«እንደ ተተከለ እንጨት! ላክሮስ አታውቂም እንዴ? ፊሽካ ሲነፋ ሴት ልጅ እግሯን አታነሳም።»

ሄስተር ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። መጋረጃው ተዘግቷል። ከጠርዙ እስከ መስኮቱ ክፈፍ የሸረሪት ድር ተዘርግቷል፤ የደረቁ ዝንቦች መደዳውን ተኝተዋል። ስትሰናበት የአሮጊቷን እጅ ጨበጠች። በአሮጊቷ ጣቶች ላይ ትኩስ የገመድ ጭረት ነበር።

ወደ አምስት ሰዓት ሁሉም በቡድኑ መሰብሰቢያ ክፍል ተቀመጡ። በመስኮቶቹ በኩል በሦስት አቅጣጫ የሚታየው ውሃ ብቻ ነው። ኤሚት በሩ ላይ፣ ብሪን ጥግ ላይ፣ ቦቢና ዳርሲ ጎን ለጎን ሆኑ።

«ከዳርሲ እንጀምር» አለች ሄስተር። «ከሜዳው ወጥተሻል። ዋሽተሽኛል።»

ዳርሲ ዓይኗን ጨፈነች። «ወጥቻለሁ።»

«ከአንድ ሰዓት ከሃያ ስምንት እስከ አርባ ስድስት ከቨርሞንት ጋር ስታወሪ ነበር። የስልክ ጥሪ መዝገብሽን አስፈትሼ፣ ያነጋገረሽን ሰውዬ ደውዬ ጠየቅሁት። አሥራ ስምንቱንም ደቂቃ አላቋረጥሽም፤ ግማሹን አልቅሰሻል። ሰው በአንድ እጁ ስልክ ይዞ እያለቀሰ፣ በሌላው ዱላ አንስቶ ሰው ሲገድል እስከ ዛሬ አላየሁም። ቢሆን እንኳ ሰውዬው ይሰማው ነበር።»

«ቨርሞንት?» አለች ቦቢ በቀስታ።

«ኤሚትን ያየሁት በዓይኔ ነው። ስለዚህ የቀረው ቁልፍ አንድ ነው።» ሄስተር ወደ በረኛዋ ዞረች። «ብሪን፣ ዛሬ ጠዋት ፊሽካ ሲነፋ ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናደርጋለን? መሮጣችንን ቀጠልን።»

«ባላችሁበት አልቆማችሁም?»

«ኧረ! እሱ እኮ የድሮ ሕግ ነው። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ተነሥቷል፤ ፊሽካ ቢነፋም መንቀሳቀስ ይቻላል። የቆመች ካለች ኮች ዳርሲ ሜዳውን ሁለት ዙር ታስሮጣታለች።»

ቦቢ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ስለ ጨዋታው አላነበበችም፤ አልጠየቀችም። በሐሳቧ ውስጥ ያሉት ሴቶች አሁንም ፊሽካ ሲሰሙ ይቆማሉ።

«ሚስ ቦቢ፣» አለች ሄስተር፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያንን መጋረጃ ሁለት ዓመት ሙሉ አልገለጡትም። ሸረሪቷ መስክራብዎታለች። ሌሎች ሲያሠለጥኑ ማየት አልቻሉም። ግን ከዱላው መለየትም አልቻሉም። ሴቶቹ ሜዳ ሲወጡ በቁልፍዎ እየገቡ መረብ ይጠግናሉ። የዛሬው እስከ ግማሽ ደርሶ ቀረ፤ ጭረቱ ጣትዎ ላይ አለ።»

«ኮች፣ አይደለም በይ!» ዳርሲ የአሮጊቷን ክንድ ያዘች። «አይደለም በያት!»

ቦቢ የዳርሲን እጅ ከክንዷ ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች።

«ስታክ እጁን ዘረጋ» አለች። «‹ቁልፉን ስጪኝ ቦቢ፤ ቤቱንም እስከ ወር መጨረሻ ልቀቂ። አዲስ አሰልጣኝ ይመጣል› አለኝ። እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ትኬት ቆራጭ። ሠላሳ አንድ ዓመት! እናቴ ስትሞት እኔ ጨዋታ ላይ ነበርኩ። የሚያገባኝ ሰው ጠብቆ ጠብቆ ሄደ። ከዚህ ቤት በቀር የትም የምሄድበት የለኝም። ዱላው ከጀርባዬ ነበር። መቼ እንዳወረድኩት አላውቅም።»

«አዲስ አሰልጣኝ?» አለች ዳርሲ። «እኔ የምሄድ መስሎት ነው። ቨርሞንቶች ስለ እኔ ሊጠይቁት ትናንት ደውለውለታል። በእኔ ምክንያት ነው።»

«በእኔ እጅ ነው» አለች ቦቢ።

ሄስተር አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር። «ዳርሲን በመስኮት አየኋት ያሉት ለእሷ ብለው ነው ወይስ ለራስዎ?»

«ለእሷ ብዬ ነው ብል ደስ ባለኝ።» አሮጊቷ ዳርሲን ማየት አልቻለችም። «መጀመሪያ ለራሴ ነው። እሷን ካየኋት እኔም ቤት ነበርኩ ማለት ነዋ። ልጄን መከለያ አደረግኋት።»

ብሪን ታለቅሳለች፤ ኤሚት ቆቡን አውልቆ ወለሉን ያያል።

ስድስት ሰዓት ላይ ውሃው ሸሸ። የፖሊስ መኪና ጭቃውን እየረጨ መጣ። ሄስተር የቦቢን ክንድ ደግፋ ስታወጣት ዳርሲ ተከተለቻቸው።

«አልሄድም» አለች ዳርሲ። «ጠበቃ አፈላልግልሻለሁ፤ እየመጣሁ እጠይቅሻለሁ። አልሄድም ኮች።»

ቦቢ መኪናው በር ላይ ዞረች። «እንዲህ ዓይነት ስልክ ለእኔ ሁለቴ ተደውሎልኛል። አንዴ ሠላሳ አራት ዓመቴ ላይ፣ አንዴ አርባ ሦስት። ሁለቴም ‹ቡድኔን ጥዬ!› ብዬ ዘጋሁት። የት እንዳደረሰኝ እዪኝ።»

«ብቻሽን አልተውሽም።»

«እኔ በፊትሽ ሳለሁ ደውዪ። ስሄድ ታመነቺያለሽ፤ አውቅሻለሁ።»

ሄስተር የመኪናውን በር ይዛ ቆመች፤ አላጣደፈችም። ዳርሲ ስልኳን አወጣች። ቁጥሩን ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው በወዲያኛው ጫፍ ሰው አነሳ።

«ዳርሲ ኮልፋክስ ነኝ» አለች። «አዎ። እመጣለሁ።»

ቦቢ ራሷን ነቀነቀችና ወደ መኪናው ገባች።