የጨው መደብ

በ፳፻፲፬ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር በባተ በአምስተኛው ቀን፣ ከአየር ጤና ዝቅ ብሎ በወንዙ ዳር የተዘረጋው የአትክልት መሬት ነጭ ለብሶ ታየ፤ ውርጭ ይመስል ነበር፤ ፀሐይ ወጥታ ብትሞቅም ግን አልጠፋም፤ ጨው ነበርና። ከላይ ካሉት ወርክሾፖች በወንዙ የሚወርደውን እጣቢ ለዓመታት ሲጠጣ የኖረው አፈር የጠጣውን መልሶ ይተፋ ጀመር፤ ጎመኑም ከጫፉ እያረረ ቀረ።

በዚያ መሬት ላይ አስራ ሁለት ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ያለሙ ነበር፤ አንዷ ወይዘሮ አልፊያ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ሴቶች ልጆቿን በቆስጣና በሰላጣ ያሳደገች፣ አንዷ ከትምህርት ቤት ጥቂት ብትዘገይ ሻርፗን እያስተካከለች እስከ ፌርማታ የምትሮጥ ሥጉ እናት ናት፤ ከዚያች መደብ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሻምበል ጉልላት፣ የቀድሞው ጦር ባልደረባ፣ ስብሰባ ጠርተው መሬቱ ሞቷልና ለብሎኬት አምራቾች ይተላለፍ አሉ። አስራ አንዱ እጅ አወጣ፤ ፈረመም። አልፊያ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ተቀመጠች። ሻምበልም እስከ ሚያዝያ መጨረሻ የሚታይ ነገር ካላበቀለች መደቧን እንድትለቅ ወሰኑ።

ውዳሴ የምትባል ወጣት የግብርና ባለሙያ የቡና ገለባ አክስላ ከአፈሩ ጋር እንድትቀላቅል መከረቻት። አልፊያ ግን ጎመን ተባይ ሲይዘው አመድ እየነሰነሰች የኖረች ሰው ናትና ምክሩን በለመደችው መንገድ ተረዳችው፤ ገለባውን ነጭ እስኪሆን አንድዳ አመዱን መደቡ ላይ በተነች። በሳምንቱ የተከለችው ችግኝ ሁሉ ጠውልጎ ተኛ።

የጎረቤት መደብ ባለቤት ጀይሉ አይቶ ሳቀ። «ጨዉም አመዱም ገብቷል፤ እትዬ አልፊያ፣ በርበሬ ጣል ቢያደርጉበት ወጥ ይወጣዋል።»

ውዳሴ አልሳቀችም። «አመዱ ራሱ ጨው አለው፣ እትዬ። እሳቱን ማፈን ነበረብዎት፤ የምንፈልገው ጥቁሩን ነው። ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«የሰማሁት ግማሹን ነው፤ ግማሹን አሁን ድገሚልኝ» አለች አልፊያ።

ከዚያ በኋላ የሠራችውን መንደሩ ሁሉ በአፍንጫው አወቀው። አመዱንና ነጩን ቅርፊት ጠርጋ አወጣች፤ ጉድጓድ ቆፍራ ገለባውን አነደደች፤ ነበልባሉ ሳይበርድ አፈር መለሰችበት። ጥቁሩንም ሰብራ በላም ሽንትና በፍግ ውሃ በርሜል ውስጥ ሁለት ሳምንት ነከረችው፤ ባዶውን ቢቀበር የአፈሩን ምግብ ራሱ ይጠጣዋልና። ሽታው አስቸገረን ብለው የተቆጧትን ይቅርታ እየጠየቀች፣ በማግስቱ በርሜሉን ደግማ አማሰለች። የወንዙን ውሃ እርም ብላ ከቦኖ በጀሪካን ቀዳች፤ መጋቢት ላይ የጣለው ዝናብም ጨዉን ወደ ታች አጠበው። ያን ጊዜ የነከረችውን ከሰል ከአፈሩ ጋር ቀላቅላ ቆስጣ ተከለች።

በሚያዝያ ማለቂያ ሻምበል ጉልላት ብሎኬት አምራቾቹን አስከትለው ከነሜትራቸው መጡ። አልፊያ ከመደቧ መሐል ቆመች።

«ሻምበል፣ ሜትሩን ይጠቅልሉት።»

«ወይዘሮ አልፊያ፣ አስራ አንድ ሰው የፈረመበት ውሳኔ ነው።»

«የሚታይ ነገር ይብቀል ያሉት እርስዎ ነዎት። ካልታየዎት ጎንበስ ይበሉ።»

ሻምበል ጎንበስ አሉ። የቆስጣው ቅጠል መዳፋቸውን ሸፈነው፤ ጥቁሩን አፈር በጣታቸው ፈተጉ። ቀና ብለው ግን፣ አንዲት መደብ የሰፈር ሥራ ልታስቆም አትችልም፣ ሰዎቹም ቃል ተገብቶላቸዋል አሉ።

«እንግዲያው ብሎኬቱን እኔው ላይ ይደርድሩት» ብላ ቆስጣው መሐል ተቀመጠች።

ጀይሉ ከዳር ሆኖ ሲያይ ቆየ። ከዚያ የራሱ መደብ ላይ፣ አንዲት ቅጠል በሌለበት ነጭ መሬት ላይ፣ ቁጭ አለ። ፊርማውን ማንሳቱን ተናገረ። ከእሱ ቀጥሎ ቦንቱ የምትባለው ሽንኩርት አልሚ ተቀመጠች። ሌላ የተከተለ የለም። ሻምበልም ሦስቱን መደብ ትተው ዘጠኙን አስለኩ።

በዘጠኙ ላይ ዛሬ ብሎኬት ይደርቃል። ለበላይ አካል የተጻፈው ሪፖርት ሦስት መደቦች በማኅበሩ አመራር ብርቱ ክትትል ከጨዋማነት መዳናቸውን ይገልጻል፤ የሻምበል ጉልላትም ስም በክብር ሰፍሯል። ስለ ተቀመጡት ሦስት ሰዎች የሚል ነገር የለበትም፤ ስለ ጠፉት ዘጠኝ መደቦችም እንዲሁ። አልፊያ ሪፖርቱን ልጇ ስታነብላት እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ከዚያ ለቦንቱ የሽንኩርት መደብ ገለባ የሚከስልበትን ጉድጓድ ልትቆፍር ወጣች።