ሳል የጠፋበት ክረምት

ሲስተር ትርንጎ እንደ ልማዷ በማለዳ ገዋኗን ለብሳ፣ ተራራው ጫፍ ላይ ባለው ሆስፒታል ወደ ደረት ሕሙማን ክፍል ገባች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የበረኪናው ሽታ ከእርጥብ ብርድ ልብስ ጠረን ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይከረክራል፤ መብራት ስለጠፋ የክፍሉ መጨረሻ በቀንም ጨልሟል። ሌላ ጊዜ ክረምት ሲገባ ቤቱ በሳል ይናጥ ነበር። ዘንድሮ ግን ጭጭ ብሏል።

ዝምታው የወንድሟ የዶክተር ንዋይ ሥራ ነበር። እናታቸው ስትሞት ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበርና አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን በሕሙማኑ ላይ የሚሞክረው ክትባት በአፍንጫ የሚጨመር ጠብታ ነው፤ ሰውነት ኢንተርፌሮን የሚባለውን መከላከያ ቀድሞ እንዲያመነጭ ይቀሰቅሰዋል፣ ጉንፋንም ሆነ ሌላ የሳንባ ቫይረስ ሲመጣ ነቅቶ ይጠብቀዋል። ለእሷም በገዛ እጁ ጨምሮላት፣ "እንግዲህ አትፍሪ፣ እታለም፤ ማንንም ብታስታምሚ አይነካሽም" ብሏት ነበር። እሷም አምናው ጭንብሏን ጣለች።

ሙቀት መለካት ስትጀምር አንድ ደረቅ ሳል ሰማች። ዞር አለች፤ የሳለ ሰው የለም። ወደ ቀጣዩ አልጋ ስታልፍ ሳሉ ተከተላት። ሕሙማኑ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ፤ ስትጠጋቸው ትንፋሻቸውን ይውጣሉ፣ ስታልፍ ሁሉም ባንድ ላይ ይተነፍሳሉ።

"አባባ ደስዬ፣ ማነው የሚስለው?" ስትል በየቀኑ ፊታቸውን የምታጥብላቸውን ሽማግሌ ጠየቀቻቸው።

ወደ ግድግዳው ዞሩ። "እኛማ አትንገሯት ተብለን ነው፣ ልጄ።"

ያን ጊዜ ደረቷ ውስጥ እንደ ደረቀ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ነገር ተሰማት። ሳሉ ከራሷ አፍ ወጣ።

ወደ በሩ ሮጠች። ከውጭ ተቆልፏል። ንዋይ ጭንብሉን እስከ ዓይኑ ሥር ስቦ ከመስታወቱ ማዶ ቆሟል።

"ለእኔ ምንድን ነበር የጨመርክልኝ?"

"የጨው ውሃ" አለ ቀስ ብሎ። "ክትባቱ መሥራቱ የሚታወቀው ካልተከተበ ሰው ጋር ሲነጻጸር ነው። ሌላ ማን እሺ ይለኛል?"

"ክፈትልኝ! እኔ እኮ ነኝ፣ ንዋይ!"

ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እጁ ግን ወደ ቁልፉ አልሄደም። በዚያው ቅጽበት አነጠሳት፣ አፍ ከፈታ ጀምሮ ባነጠሳት ቁጥር "ይማርሽ" የሚላት ወንድሟም በመስታወቱ በኩል አንገቱን ደፍቶ፣ "ነፍስሽን ይማር፣ እታለም" አላት።