የጸሎት ርዕስ

የሙሽራዋ እናት ነጩን ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ አንስተው መጠቅለል ጀመሩ። ጨርቁን ገና መቀስ አልነካውም።

«ሰርጉ እኮ ሩቅ ነው እትዬ፤ በደንብ እደርሳለሁ» አለ ልብስ ሰፊው።

«አይ፣ ላስቸግርህ አልፈልግም። እግዜር ይማርህ። ሁላችንም እየጸለይንልህ ነው።» ድምፃቸው ማር ነው። ጥቅሉን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ።

ከስፌት መኪናው ጀርባ የቆመችው ልጁ ጆሮዋ ጭው አለ። የአባቷ ዓይን እየደከመ መሄዱን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት በየመርፌው ክር እያስገባች ትንሿ ትራስ ላይ ትሰካለታለች፤ ነጩን በግራ፣ ጥቁሩን በቀኝ። እሱ በጣቱ እየዳሰሰ ይመዛል። መኪናውንማ በልማድ ነው የሚነዳው፤ ስፌቱ አንድም ቀን ተጣሞበት አያውቅም። ግን ዓይኑ ደከመ ለተባለ ልብስ ሰፊ የሙሽራ ቀሚስ አምኖ የሚሰጥ ማን አለ?

«ማን ነገራቸው?» አለ አባቷ፣ ለራሱ ይመስል።

ልጅቷ ግን ሦስተኛ ሰው እንዳለች ትዝ ብሏት ነበር።

ሳቂታ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ስሙ የወጣላት ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ወጣቶች የጸሎት ቡድን የወሰደቻትም እሷ ነች። እናቷ የሞተች ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ ዓይኗ የተከደነው እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ሌሎቹ ሲዘምሩ፣ የሳቂታ ትከሻ ላይ ነው። ያንን ውለታ አትረሳም። ለዚህ ነው የሆድ የሆዳቸውን የተጫወቱት። ሳቂታ «ውጭ አገር ሄደ» የሚባለው ወንድሟ እስር ቤት እንዳለ ነገረቻት። ልጅቷም የአባቷን ዓይን መድከም ነገረቻትና «በጸሎትሽ አስቢው» አለቻት።

በማግስቱ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ያዘቻት።

«አንቺ ነሽ አይደል የተናገርሽው?»

«ምኑን?»

«አትቀልጂ! ያባዬን ዓይን።»

ሳቂታ ፈገግታዋ ጠፋ። «በናትሽ እንደሱ አትዪ። አንቺ ከቡድኑ የቀረሽ ቀን ‹ለማን እንጸልይ› ተብሎ የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ ነው። ስም እንኳን አልጠራሁም እኮ! ‹ዓይኑን ላመመው ልብስ ሰፊ› ነው ያልኩት።»

«ሰፈሩ ውስጥ ስንት ልብስ ሰፊ አለ?»

«ብዙ ሰው ሲጸልይ ይሻላል ብዬ ነው። ደሞ አንቺ ራስሽ ጸልዪለት ብለሽኛል።»

«አንቺን ነው ያልኩት! አንቺን ብቻ!»

ሳቂታ በክፋት አድርጋው ቢሆን ለልጅቷ ይቀላት ነበር። እሷ ግን ጽድቅ እንደሠራች ሰው ዓይኗን እያቁለጨለጨች ቆማለች። ልጅቷ እንዲህ ተከድታ አታውቅም።

ማታ ሱቁን ሲዘጉ ተነፈሰችው። «አባዬ፣ እኔ ነኝ የነገርኳት። እንድትጸልይልህ ብዬ።»

አባቷ ሜትሩን ጠቅልሎ አስቀመጠ። «እኔም ለፈጣሪ ከነገርኩት ዓመት ሆነኝ» አለ። «እሱ እንኳ ለማንም አልተናገረብኝም።»

መሳቅ ፈልጋ እንባዋ መጣ። «ታዲያ መጸለይ ምን ይጠቅማል?»

«እኔ እንጃ ልጄ። እኔን ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ያስነሳኛል። እትዬን ደግሞ ጨርቃቸውን አስወሰዳቸው።»

ቡድኑ በተሰበሰበበት ቀን ሄደች። ለምን እንደሄደች በደንብ ታውቃለች። መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው ነበር።

«የጸሎት ርዕስ ያለው?» አለ የቡድኑ መሪ።

እጇን አወጣችና ተነሳች። «አንድ የሚጸለይለት ሰው አለ። ቤተሰቦቹ ውጭ አገር ሄደ የሚሉት...»

ሳቂታ ፊቷ አመድ መሰለ። የተቀመጠችበትን አግዳሚ ጠርዝ በሁለት እጇ ጨበጠች። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ከዚህ ክፍል ውስጥ ወንድሙ ውጭ አገር ሄደ የተባለለት ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የቀረው። እሱም ምላሷ ጫፍ ላይ ነው፤ ደግሞም ጸሎት ነው፣ ማን ይከሳታል?

«እሺ እህቴ፣ ምን ብለን እንጸልይለት?»

ሁሉም ጆሮውን አቁሟል። የሙሽራዋ እናትም ዜናውን የሰሙት ከእነዚህ ጆሮዎች በአንዱ በኩል ነው።

«ተውት» አለች ልጅቷ። «እኔው እጸልይለታለሁ።»

ተቀመጠች። ሳቂታ በአግዳሚው ላይ ቀስ ብላ እጇን ፈልጋ ያዘቻት። ልጅቷ እጇን አልነጠቀችም፤ መልሳም አልጨበጠችም። መዝሙሩ ሲጀመር ቦርሳዋን አንስታ ብቻዋን ወጣች።

ሱቁ ውስጥ አባቷ የአሮጌ ሱሪ ጠርዝ እያጠፈ ነበር፤ ከዚያ በቀር መደርደሪያው ባዶ ነው። አጠገቡ ተቀምጣ ትንሿን ትራስ ጭኗ ላይ አደረገችና ለነገ በየመርፌው ክር ማስገባት ጀመረች፤ ነጩን በግራ፣ ጥቁሩን በቀኝ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለ አባቷ።

«ወሬ ከማያወጣ ጋር» አለችና ሌላ መርፌ አነሳች።