እሜቴ፣ ይነሱ እንጂ!

ቁጭ በሉ። ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህች ታሪክ አሮጌ መኪና አለችባት፤ እስክትነሳ ድረስ ትንሽ ታገሱ።

ሲፈን የምትባል ልጅ ነበረች። ሲፈን ከሁሉም ነገር አብልጣ የምትወደው የመኪና ማሳደድ ነው።

ግን በቴሌቪዥን ብቻ ነው ያየችው።

በቴሌቪዥን ሌባው በጥቁር መኪና ይሸሻል። ፖሊሱ በነጭ መኪና ያሳድደዋል። «ቭሩሩሩም! ጭይይይይ!»

መኪኖቹ በደረጃ ይወርዳሉ። በድልድይ ላይ ይዘላሉ። የብርቱካን ጠረጴዛ ይገለብጣሉ፤ ብርቱካኑን ግን ማንም አይለቅምም።

ሲፈን ሶፋው ላይ ትቆምና «ያዘው! ያዘው! ያዘው!» ትላለች። በእጇም ቀዮን ታስሮጠዋለች።

ቀዮ ትንሽ ቀይ የመጫወቻ መኪና ነው። አንድ ጎማው የለም።

ሲፈን ቀዮን ካላቀፈች እንቅልፍ አይወስዳትም። አንድ ቀን ያለ ቀዮ ለመተኛት ሞክራ ነበር፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሳይተኛ አደረ።

የሲፈን አባት የታክሲ ሹፌር ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ደበላ ይለዋል።

ታክሲዋ ሰማያዊ ናት። አሮጌ ናት። በጣም፣ በጣም አሮጌ ናት። ስሟ እሜቴ ነው።

አባቷ እሜቴን «አንቺ» ብሏት አያውቅም። «በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ነውር ነው» ይላል።

ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ያዞርና በትሕትና ይለምናታል፤ «እሜቴ፣ ይነሱ እንጂ!»

እሜቴ ትመልሳለች፤ «ጥር… ጥር… ጥር… ቡፍ!»

«እሜቴ፣ ይነሱ እንጂ!»

«ጥር… ጥር… ጥር… ቡፍ!»

ሲፈን ከኋላ ወንበር ላይ ሆና እጇን ታጣጥፋለች። «ኤጭ!»

እሜቴ ከተነሳችም በኋላ ብስክሌት ይቀድማታል። አህያ ይቀድማታል። አንድ ቀንማ ቢራቢሮ ቀደመቻት።

«አባዬ፣ እኛ አንድ ቀን እንኳ ማንንም አናሳድድም?»

«ማንን ላሳድድ የኔ ቆንጆ? ማን ሸሸኝ?»

«ኤጭ!»

አንድ ቅዳሜ ሲፈን ከአባቷ ጋር ሥራ ወጣች። ምሳዋንና ቀዮን አፉን ባሰረችው አረንጓዴ ዘንቢል ይዛለች።

ሾላ ገበያ ሲደርሱ እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴትዮ ተሳፈሩ። ሽንኩርት ይዘዋል። ቅቤ ይዘዋል። አፉ የታሰረ አረንጓዴ ዘንቢል ይዘዋል። ብዙ ወሬም ይዘዋል።

«መገናኛ ድረስ አድርሰኝ ልጄ፣ ከዚያ የኮተቤ ታክሲ እይዛለሁ። እንግዳ ይመጣብኛል፣ ቤቱ አልተጠረገም፣ ሽንኩርቱ አልተላጠም! በናትህ ቶሎ በል!»

«ቶሎ ማለቱን ለእሜቴ ይንገሩልኝ» አለ አባቷ።

መገናኛ ሲደርሱ አንድ ታክሲ ሊሄድ ተነስቷል። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል፤ «ኮተቤ! ኮተቤ! ኮተቤ! አንድ ሰው የቀረው!»

«ጠብቀኝ! እኔ ነኝ አንዱ ሰው!» አሉ እትዬ አስካለ። ሽንኩርታቸውን፣ ቅቤያቸውንና ዘንቢላቸውን ብድግ አድርገው ሮጡ።

በሩ «ድው!» ብሎ ተዘጋ። ታክሲው ሄደ።

እሜቴ ውስጥ ጸጥ አለ።

«ቋቅ!» አለ ዘንቢሉ።

ሲፈን ዘንቢሉን አየችው። በቀዳዳው በኩል አንድ ክብ ዓይን እሷን አያት።

«ቋቅ!»

ዶሮ ናት። ምሳዋ የለም። ቀዮም የለም።

«አባዬ! ሴትዮዋ ቀዮን ወሰዱት! ዶሮ ትተውልኝ ቀዮን ወሰዱት!»

ሲፈን ዘንቢሉ ላይ አጎነበሰች። ማታስ? ማታ ዶሮ አቅፋ ልትተኛ ነው?

ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አላት። ቀና አለች። «አባዬ… አሳድደው!»

አባቷ ታክሲውን አየው። ሲፈንን አያት። ኮቱን አስተካከለ። «ቀበቶሽን እሰሪ።»

«ፊልም ላይ እኮ አያስሩም!»

«እሜቴ ፊልም አይሠሩም። እሰሪ።»

«ኤጭ!» ሲፈን አሰረች። የዶሮዋንም ዘንቢል በቀበቶ አሰረችው።

«እሜቴ፣ ይነሱ እንጂ!»

«ጥር… ጥር… ጥር… ቡፍ!»

«እሜቴ፣ ይነሱ እንጂ!» አሉ ሁለቱም አንድ ላይ።

«ጥር… ጥር… ጥርርርርር!»

ተነሳች! ማሳደዱ ተጀመረ!

ወዲያው ቀይ መብራት በራ። አባቷ ቆመ።

«አባዬ! ፊልም ላይ እኮ አይቆሙም!»

«ፊልም ላይ የሚሻገሩትን ሰዎች ቤት የሚጠብቃቸው የለም። እነዚህን የሚጠብቃቸው አለ።»

አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ተሻገረች። ሕፃኑ ለሲፈን እጁን አወዛወዘ።

ሲፈን ተናዳለች፤ አላወዛወዘችለትም። ትንሽ ቆየችና አወዛወዘችለት።

አረንጓዴ መብራት ሲበራ በጎች መጡ።

በጎቹ በቀስታ ተሻገሩ። አንዱ በግ ግን መሀል መንገድ ላይ ቆሞ የረሳውን ነገር ያስታውሳል።

«ኤጭ!» አለች ሲፈን።

«ባዕዕዕ» አለ በጉ። አስታወሰና ሄደ።

ከበጉ በኋላ ደግሞ መንገዱ ተዘጋጋ። መኪና ከፊት፣ መኪና ከኋላ፣ መኪና በግራ፣ መኪና በቀኝ።

የኮተቤው ታክሲ ትንሽ ራቅ ብሎ ይታያል። እሱም ቆሟል። ተሳዳጁ ቆሟል፤ አሳዳጁም ቆሟል።

አባባ ተሰማ በእግራቸው መጡ። አባባ ተሰማ የሲፈን ጎረቤት ናቸው። ከዘራቸውን ኳ! ኳ! እያደረጉ ከኋላ መጥተው እሜቴ አጠገብ ደረሱ።

«ደበላ! እንደምን ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ፤ እርስዎስ?»

«ይመስገን። ባለቤትህ ደህና ናት? እናትህስ? እሜቴስ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው።»

«ከብርዱ ጋር እንዴት ናችሁ?»

«አባባ ተሰማ! እያሳደድን እኮ ነው!» አለች ሲፈን።

«ማንን?»

«ያንን ታክሲ!»

አባባ ተሰማ ታክሲውን አዩት። እሜቴን አዩዋት። እንደገና ታክሲውን አዩት። «ሁላችሁም ቆማችኋል እኮ!»

«ኤጭ!»

«በይ አትበሳጪ። እኔ ሄጄ እይዝልሻለሁ» አሉና ከዘራቸውን አነሱ። ኳ! ኳ! ኳ!

ልክ ሊደርሱበት ሲሉ መንገዱ ተከፈተ። «ቭሩም!» ታክሲው ነጎደ።

«አመለጠኝ!» አሉ አባባ ተሰማ።

አሁን መንገዱ ቁልቁለት ሆነ። እሜቴ ደግሞ ቁልቁለት ትወዳለች።

«ጥርርርርርርር!» ነፋሱ በመስኮት ገባ። የዶሮዋ ላባ ተነሳ። የሲፈን ፀጉርም ተነሳ። ታክሲው እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ!

አባቷ ጥሩምባውን ነፋ። «ጲጵ! ጲጵ!»

የታክሲው ሹፌርም መለሰ። «ጲጵ! ጲጵ!» እጁንም በመስኮት አውጥቶ በደስታ አወዛወዘ።

«ሰላም ያልኩት መሰለው» አለ አባቷ።

«ኤጭ!»

ሲፈን አፏን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ጮኸች። «ቁም!»

ረዳቱ አንገቱን አወጣ። «ሞልቷል!»

«ቁም!»

«ሞልቷል እኮ ነው የምልሽ የኔ እናት! ከኋላ ሌላ አለ፣ በሱ ነይ!»

«ኤጭ! ኤጭ! ኤጭ!»

«ቋቅ!» አለች ዶሮዋም። እሷም መሯት ነበር።

ቁልቁለቱ አለቀ። ዳገት መጣ። እሜቴ ዳገት አትወድም። «ጥር… ጥር…… ጥር………»

ታክሲው ራቀ። ቀዮም አብሮት ራቀ።

የሲፈን ዓይን እንባ ሞላ። ሁሌ ፊልም ላይ «ቁም!» ይላሉ፤ ማንም ቆሞ አያውቅም። እውነትም «ቁም» ሲሉት የሚቆም የለም።

ታዲያ ታክሲ ምን ሲሉት ነው የሚቆመው?

ሲፈን አሰበች። ትምህርት ቤት የምትሄደው ከእናቷ ጋር በታክሲ ነው። የእናቷ ድምፅ ቀጭን ነው። ግን እናቷ ያን ነገር ስትል፣ የቱንም ያህል የሚሮጥ ታክሲ ቀጥ ይላል!

ሲፈን አየር ሳበች። ሆዷ እስኪነፋ ሳበች። ከዚያ ባላት ኃይል ሁሉ ጮኸች፤

«ወራጅ አለ!»

ሹፌሩ አላሰበም። እግሩ ራሱ ፍሬኑን ያዘ። «ጭይይይይይ… ጥ!»

ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ! ታክሲው ዳር ይዞ ቆመ።

ረዳቱ በሩን ከፈተ። «ማነው ወራጅ?»

ተሳፋሪዎቹ ተያዩ።

«እኔ አይደለሁም።»

«እኔም አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው ያስቆመን? ኧረ ተናገሩ!» አለ ሹፌሩ።

«እኔማ መውረጃዬ ገና ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ይልቅ ይቺ ዶሮ ዝም አለችኝ፤ ታፍና እንዳይሆን» አሉና ዘንቢሉን ፈቱት። እጃቸውን አስገቡ። ቀዮን አወጡ።

«ኡኡ! ዶሮዬ መኪና ሆነችብኝ!»

በዚህ ጊዜ እሜቴ ቀስ ብላ ደረሰች። «ጥር… ጥር… ጥር… ቡፍ!»

ሲፈን ዘንቢሉን ይዛ ወረደች። «እትዬ፣ ዶሮዎት ይኸው። እሱ ደግሞ የኔ ቀዮ ነው።»

«ቋቅ!» አለች ዶሮዋ።

እትዬ አስካለ ዶሮዋን አዩ። ቀዮን አዩ። ሳቃቸው መጣ። «ውይ የኔ ልጅ! እንግዶቼን መኪና ቀቅዬ ላበላቸው ነበር?»

ሹፌሩም ሳቀ፣ ረዳቱም ሳቀ። «አንቺ ነሽ ወራጅዋ? ሳትሳፈሪ ነው የወረድሽው?»

አባቷ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ዕድሜዬን ሙሉ ታክሲ ስነዳ፣ ይቺ ዘዴ ለኔ አልመጣችልኝም!»

ሲፈን ቀዮን በደረቷ አቀፈችው። ሦስቱም ጎማዎቹ አሉ። አራተኛው ድሮም የለም።

አሁን ወደ ቤት መመለስ ብቻ ቀረ። ግን እሜቴ ደክሟታል።

ሹፌሩ ገፋ። ረዳቱ ገፋ። እትዬ አስካለም ዶሮዋን በብብታቸው ይዘው በአንድ እጃቸው ገፉ። ሁሉም አንድ ላይ ጮኹ፤

«እሜቴ፣ ይነሱ እንጂ!»

«ጥር… ጥር… ጥርርርርር!»

ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ሌባው ይሸሻል፣ ፖሊሱ ያሳድዳል። «ቭሩሩሩም! ቁም! ቁም!»

«ኤጭ!» አለች ሲፈን። «ወራጅ አለ በሉት እንጂ!»

ከዚያ ዓይኗ ከበዳት። ሌባው ሳይያዝ ራሷን ሶፋው ላይ ጣል አደረገች።

አባቷ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ሲፈንን ከነቀዮ በእቅፉ አነሳት። «ጥር… ጥር… ጥር…» እያለ ወደ መኝታ ክፍሏ ነዳ።

«አባዬ» አለች ሲፈን ዓይኗን ሳትከፍት። «አትፍጠን።»

አባቷ ቀስ አለ። በጣም ቀስ አለ። ቢራቢሮ ብትኖር ትቀድመው ነበር።

አልጋዋ አጠገብ ሲደርሱ፣ ከእቅፉ ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ወራጅ አለ።»

አባቷ ቆመ። ቀስ አድርጎ አወረዳት።

«ቡፍ» አለች ትራሷ።