እስከ ጣት የነደደ ክብሪት

ወልደ ማርያም ሞቶ የተገኘው አባቱ ቀፎ ይሰቅሉበት ከነበረው ትልቅ ዛፍ ሥር ነው። ጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ አርፎ፣ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ ዓይኖቹ ወደ ቅርንጫፎቹ እንደፈጠጡ ነበር። በዚያ የ1995 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ጠዋት የማንኪራ መንደር ጭጋግ ለብሳለች። የመንደሩ ሰው ሬሳውን ቢከብም ራቅ ብሎ ነው። ሟቹ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ አረፋው የነካውን ሰው ይጋባበታል ስለሚባል ዓይኑን እንኳ የከደነለት አልተገኘም።

ከቦንጋ የተጠራችው ኢንስፔክተር ተሾመች ተንበርክካ ከደነችለት። ከኋላዋ ጉርምርምታ ተሰማ፤ እሷ ግን ጉርምርምታ ለምዳለች።

«ነርቭ ነው የገደለው» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም ኢሳይያስ። «ጣለው፣ ድንጋዩ ጨረሰው። ይህ ዛፍ ባለቤት አለው ብዬ ነግሬው ነበር። ይቆረጥ ካለ ወዲህ ደህና አልዋለም።»

ሰዎቹ ሽቅብ ወደ ዛፉ አዩ። ባዶዎቹ ቀፎዎች በነፋስ ይወዛወዛሉ። ተሾመች ራሷ ጀርባዋን ቀዘቀዛት፤ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ የሚያያት መሰላት።

«ይቺም ከትምህርት ቤት ትውጣ» አለ ኢሳይያስ የሟቹን ልጅ ህይወትን እያመለከተ። «ያው በሽታ አለባት። ጠበል ትግባ፣ ከሰው ትለይ። አባቷን የወሰደ ነገር እሷን አይምርም።»

ህይወት የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። አባቷ የሞተባት ሳያንስ አሁን ደግሞ ደብተሯን ሊቀሟት ነው።

ተሾመች አንገቷን ስትደፋ እርጥቡ ሣር ውስጥ የተቃጠሉ ክብሪቶች አየች። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሸተት የአገሩ ልማድ ነው። በመንቀጥቀጥ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ለራሱ ክብሪት አይጭርም። ለቅማ በወረቀት ጠቀለለቻቸው።

የሟቹ ሚስት ሰብሌ ስትጠየቅ ዓይኗ ደርቆ ነበር። «ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም አልሰማሁም። የሄደው አመሻሽ ላይ ነው፤ ከወንድሙ ጋር ያመሸ መስሎኝ ተኛሁ።»

«እትዬ ሰብሌ፣ ክብሪት ይይዛሉ?»

«ከመቀነቴ ተለይቶኝ አያውቅም። ባልም ልጅም የሚወድቁባት ሴት ሌላ ምን ትይዛለች?»

ጣውላ ነጋዴው ፈለቀ ከሺሺንዳ ተጠርቶ መጣ። ሲጋራ ያጨሳል፤ ተሾመች የለኮሰበትን ክብሪት አየችው። ገና ግማሹ ሳይነድ ጣቱን ለበለበውና ወረወረው።

«ዛፉን ሊሸጥልኝ ተስማምተን ነበር» አለ። «ለልጁ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት ሊሠራላት ነበር። በሞተበት ቀን ዛፉ ላይ ምልክት አድርጌ በመጨረሻው መኪና ተመለስኩ፤ ሾፌሩን ጠይቁት።»

ሾፌሩም እውነት ነው አለ።

ኢሳይያስ ቤቱ ተቀብሎ ሻይ ቀዳላት። ብርጭቆው ሲፋጅባት ወዲያው አስቀመጠችው። እሱ የራሱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ስለ አባቱ ማር ሲያወራ ቆየ። የእጁ አንጓ ላይ አሮጌ ጠባሳ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሽ ኢሳይያስ?»

«ገጀራ ነው። ቡና ስመነጥር። ድሮ ድኗል።»

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን የመረመረው ዶክተር ልዑልቃል ዘንድ ሄደች። «ቁስሉ ከኋላ ነው፤ ደረቱም በልዟል» አላት። «የተገፋ ይመስለኛል። መንቀጥቀጡን ያመጣው ምቱ ነው። ወዲያውም አልሞተም።»

«ሰው ሁሉ ግን ነርቭ ገደለው ይላል።»

ዶክተሩ ምርር ብሎ ሳቀ። «እኛ አገር የተቆጣው ነርቭ፣ ያበደው ነርቭ፣ የወደቀው ነርቭ! ነርቭ በሽታ አይደለም፤ እኔም እርስዎም አለን። ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ተነስቶ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ ክር ይበሉት። ኒውሮሎጂ የሚባለው ይህን ሁሉ የሚያጠና የሕክምና ትምህርት ነው። የሚጥለውም፣ እጁ የደነዘዘውም የዚያ ሐኪም በሽተኞች ናቸው።»

«የደነዘዘው?»

«ክሩ ሲቆረጥ ስሜት አይደርስም። እሳት ቢይዘውም አያውቅም።»

ተሾመች ወረቀቱን ቀስ ብላ ፈታች።

በሠልስቱ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተሰብስቧል። ዝናቡ ሸራውን ይመታል። ተሾመች ዶክተሩን አስከትላ ገባችና ቤተሰቡ ፊት ቆመች።

«ወልደ ማርያምን ዛፉ አልገደለውም፤ የሚጥል በሽታውም አልገደለውም። ሰው ገፍቶት ነው» አለች። «የገፋው ሰው ግን ጥሎት አልሸሸም። አጠገቡ ተቀምጦ ክብሪት ሲጭርለት ቆይቷል። እነዚህን እዩዋቸው፤ ሁሉም የጥፍር ያህል እስኪቀሩ ነደዋል። ዛፉ ከዝናቡ ቢከልልም መሬቱ ውሃ ነበር፤ ወድቀው ቢሆን ወዲያው ይጠፉ ነበር። እስከዚያ ድረስ የነደዱት በሰው እጅ ላይ ነው። አቶ ፈለቀ እሳት ሲጠጋው ይወረውራል፤ ደግሞም ሺሺንዳ ነበር። እትዬ ሰብሌም ጣታቸው እንደኔና እንደናንተ ያማቸዋል። አንጓው ላይ በገጀራ ክሩ የተቆረጠበት፣ የሚፋጅ ብርጭቆ ይዞ የሚያወራ ሰው ግን አንድ ነው። ጋሽ ኢሳይያስ፣ መዳፍዎን ይገልብጡልኝ።»

ኢሳይያስ ገለበጠ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ውሃ ቋጥረው፣ ጠቁረው ነበር። ከሰው ሁሉ ይበልጥ የደነገጠው እሱ ነው።

«ቁስሉን አላየሁትም» አለ። «እግዜር ያውቃል፣ እስካሁን አላየሁትም።»

ሰብሌ ጮኸች። እሱ ከጣቶቹ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ቀጠለ።

«የአባታችንን ዛፍ አትንካ አልኩት፤ አልሰማ አለኝ፤ ገፋሁት። እንዲሞት አይደለም። መንቀጥቀጥ ሲጀምር ክብሪት አወጣሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ የማስነሳው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን አልነሳ አለኝ። እጭራለሁ፣ አይነሳም። እጭራለሁ…»

በዚህ መሃል ህይወት ከአግዳሚው ላይ ተንሸራታ ወደቀች። ሰውነቷ ተገተረ፣ ተንቀጠቀጠች። ለቀስተኛው እንደ ልማዱ ወደኋላ ሸሸ። የሰብሌ እጅ ወደ መቀነቷ፣ የኢሳይያስም እጅ ወደ ኪሱ ሄደ።

«ተዉ፣ አትጫሩ!» ዶክተሩ አጠገቧ ተንበረከከ። ነጠላ አጥፎ ከራሷ ሥር አደረገላትና በጎኗ አስተኛት። ተሾመችም የሌላ ሰው ዓይን ሳትፈራ እጇን ያዘቻት። መንቀጥቀጡ ቀስ በቀስ በረደ። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ዓይኗን ገለጠች፣ እናቷን ፈለገች።

ኢሳይያስ ያልተጫረውን ክብሪት እንደያዘ አያት።

«ሳይሸት ይነሳል?» አለ።

«ሁልጊዜም በራሱ ጊዜ ነበር የሚነሳው» አለ ዶክተሩ። ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። «ያን ቀን የሚያስፈልገው ሐኪም ነበር። መንገዱም ሩቅ አልነበረም።»

ሰብሌ ልጇን አቅፋ ክብሪቷን ከመቀነቷ አወጣችና ወደ ዝናቡ ወረወረችው። «ሰኞ ትምህርት ቤትሽ ትሄጃለሽ» አለቻት። ኢሳይያስ የማያማቸውን ጣቶቹን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።