ሙሽራው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው

ሸሪፋ በጅዳና በመካ መካከል ባሕራ ከተማ ካለችው ማተሚያ ቤት የገባችው የራሷን የሠርግ ካርድ ለማየት ነበር። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ፈድሉ ቀና ብሎ አያት... ወዲያው ሙሽራ መሆኗ ትዝ አለውና ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ወሎ ላሉት ዘመዶች የሚላከውን ካርድ በአማርኛ የጻፈው እሱ ራሱ ነው፤ ላይ «ሸሪፋ ዓብዱላህ»፣ ታች «ኢያድ ሰዒድ»።

«መስመሮቹ ተጣብቀዋል፤ አራርቃቸው» አለች።

የመስመሩን ክፍተት ከአንድ ወደ አንድ ተኩል አሳደገው።

«አሁንስ አማረ?»

«ስለ ማማር ማን አወራ? ጨምር!»

ሁለት አደረገው። ሦስት።

«እህቴ፣ ከዚህ በላይ ከሄደ ሙሽራው ሁለተኛው ገጽ ላይ ይወርዳል እኮ!»

«ይውረዳ!»

ፈድሉ እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ። ወላሂ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የዲዛይን ጉዳይ መስሎት ነበር።

«አትፈልጊውም እንዴ?»

«ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም... አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

አተመላት። አንዱ ገጽ ላይ ሸሪፋ ብቻዋን፣ ሌላው ላይ ኢያድ ብቻውን።

በማግስቱ አባቷ ዓብዱላህ ወረቀቶቹን ይዘው ከመካ መጡ፤ እሷ ከኋላቸው።

«አንተ! የልጄን ባል የት ወሰድከው?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፣ አባባ።»

«መልሰው!»

«እሷ ካለች እመልሰዋለሁ።»

«አንተ ምን አገባህ?»

ምን እንዳገባው ፈድሉም ገና አላወቀም ነበር። ሸሪፋ ግን ወደ ፊት መጣች።

«አባ፣ ያለ ሴቷ ፈቃድ ኒካህ የለም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይጠይቁኝ!»

ዓብዱላህ ጺማቸውን ደባበሱ።

«እሺ... ኢያድን ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም!»



«ኻላስ፣ በቃ» አሉ ወደ ፈድሉ ዞረው። «አጥፋው።»

እንደዚያ ደስ እያለው ያጠፋው ፋይል የለም።

ከረመዳን በኋላ ፈድሉ ሽማግሌ ላከ። ዓብዱላህ ስሙን ሲሰሙ፣ «ያ አራራቂው?» አሉ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ልጃቸውን ጠየቋት።

«እሱን እሺ!» አለች።

አዲሱ ካርድ ሲጻፍ አባት በሩ አጠገብ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ላይ ሸሪፋ፣ ታች ፈድሉ።

«አቅርበው» አለች።

አቀረበው።

«አሁንም!»

«ሸሪፋዬ፣ ከዚህ በላይ ከቀረበ ፊደሎቹ ይነካካሉ...»

«ይነካኩ!»

ዓብዱላህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፈድሉ አተመው።

ካርዱ የደረሰው ዘመድ ሁሉ «ማተሚያው ተበላሽቶባችሁ ነው?» እያለ ደወለ።

ሸሪፋም ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠች፤

«አልተበላሸም። እኔ ነኝ ያዘዝኩት።»